ውጤት ካርድ የማይጽፈውን መጻፍ፦ ለ12ኛ ክፍል ተመራቂዎች የክፍል መጽሔት አዘገጃጀት

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ ሲጨርስ ስለ እሱ የሚቀረው ማስረጃ ቁጥር ነው። የብሔራዊ ፈተናው ውጤት በወጣ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠይቀውም «ስንት አመጣ? ስንት አመጣች?» ብሎ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ስሌቱን ወደ አንድ ክፍል ብናወርደው፣ 50 ተማሪ ካለበት ክፍል ማለፊያውን የሚያገኙት ከሁለት እስከ አራት ልጆች ናቸው። የቀሩት ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ፣ እጃቸው ምን ይችል እንደነበር ቁጥሩ አይናገርም። ስላለፉትም ቢሆን ከማለፋቸው በላይ የሚለው የለውም።

ይህን የሚያውቁት አንድ ዴስክ ላይ አብረው የተቀመጡ ልጆች ናቸው። የሚያውቁትን ግን አይጽፉትም። በከለር ደይ ዕለት ሸሚዝ ላይ፣ በኦቶግራፍ ደብተር ላይ የሚጻፈው «አትርሳኝ»፣ «መልካም ዕድል»፣ «ሁሌም በልቤ ነሽ» ነው። ደስ ይላል፤ ግን ስሙን ሸፍናችሁ ብታነቡት የማን እንደሆነ አይለይም። ይህ መመሪያ የሚያሳየው የማን እንደሆነ የሚለይ መጽሔት እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው።

የተጻፈው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለሚማሩ ተመራቂዎችና ለሆምሩም መምህሮቻቸው ነው፤ ሌላውም ሊጠቀምበት ይችላል። አቃቂ ቃሊቲን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ክፍለ ከተማ አንድ ክፍል ውስጥ አያቱም አባቱም አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ያረጁበት ልጅ፣ ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቱሉ ዲምቱ የገባ ልጅ፣ ከካዛንቺስ ተነስቶ ገላን ጉራ የሰፈረ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከትምህርት ቤቱ ሌላ የሚያገናኛቸው ሰፈር የለም፤ የወላጆቻቸው ዕድርም አንድ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወሬያቸውም አብሮ ይበተናል። ስለዚህ ሳይበተኑ መጻፍ ነው።

1. ቀኑን ከፈተናው ወደ ኋላ ቁጠሩ

ትልቁ ስህተት ሥራውን ሰኔ ላይ መጀመር ነው። ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው ጥናት ላይ ነው፤ ዝናቡም ይገባል፤ ማተሚያ ቤቶችም የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን መጽሔት ስለሚይዙ ለእናንተ ትንሽ ሥራ ጊዜ አይኖራቸውም። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲከፈት፣ የካቲት ላይ ጀምሩ። እንዲህ ብትከፍሉት ይበቃል፦

የካቲት፦ ኮሚቴ መምረጥ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ የስም ዝርዝር ማጠናቀቅ፣ ዕጣ ማውጣት።
መጋቢት፦ መጠየቅና መሰብሰብ።
ሚያዝያ፦ መጻፍና ፎቶ ማንሳት። የፋሲካ ሰሞን ሰው ወደ አገር ቤት ስለሚሄድ አንድ ሳምንት ከሒሳቡ አውጡ።
ግንቦት፦ በመጀመሪያው አጋማሽ መተየብ፣ ማሳረምና ማስፈረም፣ ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤት።
ሰኔ መጀመሪያ፦ ማደል። ከዚያ በኋላ መጽሔቱን ዝጉትና አጥኑ።

2. አምስት ሰው ምረጡ፣ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ

ኮሚቴው ከአምስት ባይበልጥ ይሻላል፤ ሰባትና ስምንት ሲሆን ሁሉም ሌላው ይሠራዋል ብሎ ይተወዋል። የክፍል አለቃው በሥልጣኑ መግባት የለበትም። የሚያስፈልጉት አንድ ጥሩ ጸሐፊ፣ አንድ አራሚ፣ አንድ ፎቶ አንሺ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ደግሞ ሁሉንም የሚቀርብ ሰው ናቸው። አምስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሥራው የሚያልቀው ግን በእሱ ነው። ዝምተኛዋን ልጅ የምታናግራት፣ ከኋላ ወንበር ካሉት ረባሾች ጋር የምትስቅ፣ የመምህሩንም ቢሮ ሳትፈራ የምታንኳኳ አንዲት ልጅ በየክፍሉ አትጠፋም። እሷን አስገቡ። መጽሔቱ የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ክፍሎችን አንድ ላይ የሚይዝ ከሆነ ከሁለቱም ወገን ሰው ይኑር።

ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፦ ምን እንደምታዘጋጁ፣ ማን እንደሚከታተላችሁ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደምትጨርሱ። አንድ መምህር አማካሪ ሆነው ይፈርሙላችሁ። 18 ዓመት ላልሞላው ተማሪ ፎቶውና ታሪኩ እንዲታተም ወላጅ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን ዕጣ ከማውጣታችሁ በፊት ሰብስቡ።

3. የስም ዝርዝሩን ሙሉ አድርጉ

የመምህሩን የስም መጥሪያ ገልብጦ መነሳት ይቀናል። እዚያ ላይ ግን የሌሉ ልጆች አሉ። ከ9ኛ ክፍል አብሯችሁ የነበረና ሥራ ገብቶ ያቋረጠ፣ ወደ ማታ ትምህርት የተዛወረ፣ ዘንድሮ ቤታቸው ተቀይሮ የሄደች፣ በሕይወት የሌለ። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ተቀምጣችሁ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ጥሩ። ያቋረጡትን በስልክ አግኙና መግባት ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ። ስለሞተ ጓደኛ ለመጻፍ ቤተሰቡን ሄዳችሁ አስፈቅዱ፤ ሲፈቅዱም ገጹን ከሁሉም በፊት እነሱ ያንብቡት። በዓመቱ አጋማሽ የመጡትንም «ገና አላወቅናቸውም» ብላችሁ አትዝለሉ። ቀድሞ የተማሩበት ትምህርት ቤት ያለ አንድ ጓደኛቸው በስልክ ሊጨምርላችሁ ይችላል።

ዝርዝሩን በሀሁ ቅደም ተከተል፣ በተማሪው ስም አሰልፉ። በደረጃ፣ በውጤት ወይም በ«ታዋቂነት» አይሁን። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ኃይሉ በየትኛው «ኃ»፣ ሠናይት በየትኛው «ሠ»፣ ፀሐይ በየትኛው «ፀ» እንደሚጻፍ ባለቤቱን ጠይቁ። በመጽሔቱ ላይ ስሙ ተሳስቶ የታተመ ሰው ከዚያ በታች ያለውን አያነብም።

4. በዕጣ ተመዳደቡ

«ስለፈለጋችሁት ጻፉ» ከተባለ ስለ ሦስቱ ዝነኞች ሃያ ሃያ ጽሑፍ ይመጣል፤ ስለ አሥራ አምስቱ ዝምተኞች ምንም አይመጣም። ስለዚህ ዕጣ ይሻላል። ስሞቹን በቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ጽፋችሁ ካርቶን ውስጥ ክተቱ። እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ዕጣ ያወጣል። የራሱ ስም፣ አንዱ ስም ሁለት ጊዜ ወይም የቅርብ ጓደኛው ከደረሰው መልሶ ሌላ ያወጣል። የቅርብ ጓደኛ የሚታወቀውን ነገር ስለሚለምደው አይጽፈውም፤ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ግን ለመጻፍ ሲል መጠየቅ ይጀምራል። በዚህ አሠራር ስለ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሰዎች ይጽፋሉ፤ ኮሚቴው ከሁለቱ አንድ ገጽ ያወጣል።

5. ቅጽል ሳይሆን ድርጊት ሰብስቡ

ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። «እንዴት ያለ ሰው ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አሪፍ ልጅ ነው፤ ተጫዋች ነው፤ ሰው ያከብራል» ትባላላችሁ። ይህ ለሃምሳውም ይሆናል። የሚከተሉትን ጠይቁ፦

መምህር ሳይገባ ሲቀር ክፍል ውስጥ ምን ያደርጋል?
ሰው ተቸግሮ ወደ እሷ የሚሄደው በምን ጉዳይ ነው?
ሲያደርግ በዓይንህ ያየኸውን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ቀኑን ወይም ቦታውን ጨምር።
ከአፏ የማትጠፋ አነጋገር የትኛዋ ናት?
ከትምህርት ቤት ውጪ እጁ ምን ይሠራል?
9ኛ ክፍል ሲመጣ እንዴት ነበር? አሁንስ?
ከእሷ የተማርከው አንድ ነገር ምንድን ነው?

ምስክሩ የክፍል ልጅ ብቻ አይሁን። በር ላይ ያሉት ጥበቃ ማን ጎሕ ሲቀድ እንደሚደርስ፣ ማን እያረፈደ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ያውቃሉ። «ጋሼ፣ ከኛ ክፍል የሚያስታውሱት ልጅ አለ?» ብትሏቸው ያልጠበቃችሁትን ስም ይጠሩላችኋል። ላውንጁ ውስጥ ሻይ የሚቀዱት እናት፣ የላይብረሪው ሠራተኛ፣ የስፖርት መምህሩም እንደዚሁ ናቸው። በመጨረሻ ባለቤቱን ራሱን ጠይቁት፤ ግን መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ከጠየቃችሁት የሚነግራችሁ መሆን የሚፈልገውን ነው።

የጻፋችሁትን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ስሙን አጥፉና ለክፍሉ አንብቡት። «ይሄማ እገሌ ነው!» የሚል ድምፅ ካልመጣ ገና ነው። ለምሳሌ ይህን ተመልከቱ፦

«ጸባየ ሰናይ፣ ታታሪ፣ ለጓደኞቿ ታማኝና ረጂ ተማሪ ናት።»

ማን ናት? ማንም ናት። አሁን ደግሞ ይህን፦

«ኬሚስትሪ መምህሩ ሲጠይቁ እጇን አውጥታ አታውቅም። ደወል ሲደወል ግን ከኋላ ያሉት አራት ዴስኮች ወደ እሷ ይዞራሉ። ሞልን ያስረዳችን በቆርኪ ነው። ከላውንጅ የለቀመችውን ዴስኩ ላይ ዘርግታ ‹አሥራ ሁለቱ ደርዘን ይባላል አይደል? ሞልም እንደዛ የብዛት ስም ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚያስፈራው› አለችን። ካልገባን ‹ቆይ፣ ከመጀመሪያ› ትላለች። ‹እንዴት አይገባህም› ስትል የሰማት የለም።»

ሁለተኛው ጽሑፍ «ታታሪ» አላለም፤ «ረጂ»ም አላለም። የማስተማር ተሰጥኦ እንዳላት ግን አንባቢው ራሱ አየ። ልጅቷ እንደ ዕድሏ ፈተናው ላይ 48 በመቶ ብታመጣ እንኳ ይህ እውነት አይሰረዝም።

6. ተሰጥኦን ከመድረክ ውጪም ፈልጉ

በየትምህርት ቤቱ ተሰጥኦ ሲባል የሚታሰበው የሚዘፍን፣ የሚስል፣ ግጥም የሚያነብና ኳስ የሚጫወት ነው። እነዚህ አይዘለሉ፤ ግን ሚኒ ሚዲያው ስለሚያውቃቸው ለእነሱ ምስክር ፍለጋ አትደክሙም። ድካሙን ለሌሎቹ አድርጉት። በአቃቂ ቃሊቲ አንድ ክፍል ውስጥ ብትፈልጉ የምታገኟቸውን ጥቂት ልጠቁም፦

የተበላሸ ስልክ ፈትቶ የሚገጥም። አባቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ስለሚሠሩ መበየድን ከልጅነቱ የሚያውቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሹሩባ የምትሠራ፣ በዚያም የደብተርና የታክሲ ወጪዋን የምትሸፍን። አማርኛ የማይቀናቸው ወላጅ ለስብሰባ ሲመጡ በኦሮምኛ እያስተረጎመ መምህሩንና ወላጁን የሚያግባባ። ሁለት ልጆች ሲጣሉ ማንም ሳይጠራው መሃል የሚገባ፣ ሁለቱም የሚሰሙት። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን በየት በኩል እንደሚታለፍ ለሁሉም የሚያሳይ። የመምህራኑን ድምፅ ከራሳቸው በላይ አሳምሮ የሚያስመስል። የሰው ስም የማትረሳ። የክፍሉን መዋጮ ይዛ አንድ ብር ሳታጎድል የምታወራርድ።

እነዚህን ማየት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጥላሁን ገሠሠ ወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር ዝንባሌውን አስተውለው በርታ ያሉት ሱዳናዊው ርዕሰ መምህር ሚስተር ሸዳድ ነበሩ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ነበር፤ የሥዕል ችሎታቸውን ያዩ መምህራን አበረታቷቸው ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን አምቦ ገና ተማሪ ሳሉ «ንጉሥ ዲዮኒሲየስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የሚል ተውኔት ጽፈው ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ታይቶላቸዋል። ሦስቱም ጋ ያየ፣ ያነበበ ወይም መድረክ የሰጠ ሰው ነበር። የክፍላችሁን ልጅ የሚያይለት ሰው ምናልባት ዕጣው የደረሳችሁ እናንተ ናችሁ።

ከተሰጥኦው ጋር ሥራውንም ያዙ። ሥዕል ከሆነ ሥዕሉን ፎቶ አንሱ፤ ግጥም ከሆነ አንዱን በሙሉ አስገቡ፤ ሹሩባ ከሆነ የተሠራችው ልጅ ከፈቀደች ከኋላ በኩል አንሷት፤ የተጠገነ ስልክ ከሆነ የተፈታውን ከነብሎኑ አሳዩ። «ጎበዝ ሠዓሊ ነው» የሚል ጽሑፍ ያለ ሥዕል ማንንም አያሳምንም።

7. ገጹን ጻፉ

ለሁሉም እኩል ቦታ ስጡ። ከ80 እስከ 100 ቃል ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ዝነኛው 300፣ ዝምተኛው 30 ቃል የሚያገኝበት መጽሔት የክፍሉን አድልዎ አትሞ ማስቀመጥ ነው። አንድ ገጽ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ ሙሉ ስም፣ ፎቶ፣ ከምስክሮቹ የተቀናበረው ጽሑፍ፣ የሥራው ናሙና ካለ እሱ፣ ከታች ደግሞ ባለቤቱ ራሱ የጻፈው ላስት ወርድ።

ጽሑፉን በድርጊቱ ጀምሩ። «እገሌ የተወለደው በ... » ብሎ መጀመር የሕይወት ታሪክ እንጂ የክፍል ትዝታ አይሆንም። ለምሳሌ ስለ አንድ ዝምተኛ ልጅ እንዲህ ተብሎ ሊጀመር ይችላል፦ «ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያው ማይክ እምቢ ሲል ከኛ ረድፍ አንድ ልጅ ወጣ። የገመዱን ጫፍ በጥርሱ ልጦ አገናኘውና ምንም ሳይናገር ወደ ቦታው ተመለሰ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነበርን፤ ኪሱ ውስጥ ብሎን መፍቻ እንደማይጠፋ ያወቅነው ግን ያን ቀን ነው።» አነጋገሩን እንዳለ አስቀምጡት፤ «ችግር የለም» የሚለውን ልጅ «ምንም እክል የለም» አታሰኙት።

ላስት ወርድ ላይ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ጥቅስ አትቀበሉ። «አንድ ነገር ለክፍልህ ብቻ ብትል ምን ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ መጻፍ የሚፈልግ ካለ በራሱ ቋንቋ ይጻፍ፤ ያን ቋንቋ የሚያነብ አራሚ ግን ፈልጉለት።

8. የሚያስቀውን ከሚያቆስለው ለዩ

ያለ ቀልድ የክፍል መጽሔት አይነበብም። ሆኖም ተንኮለኛ ቀልድ በወረቀት ሲታተም ሃያ ዓመት ይኖራል። መለኪያው አንድ ነው፦ ገጹ በልጁ እናት ፊት ጮክ ተብሎ ቢነበብ እናትየው ትስቃለች ወይስ አንገቷን ትደፋለች? ከተጠራጠራችሁ አውጡት።

ፈጽሞ የማይገቡ አሉ፦ ውጤትና ደረጃ፣ ማን ከማን ጋር ፍቅር እንደያዘ፣ የማን ቤተሰብ ደሃ እንደሆነ፣ ሕመም፣ የአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተ ቅጽል ስም፣ ብሔርና ሃይማኖትን የነካ ፌዝ። ልጁ ራሱ የሚጠራበትና የሚወደው ቅጽል ስም ከሆነ ግን ይግባ። «ምርጥ ቆንጆ»፣ «ምርጥ ለባሽ» የሚሉ ምርጫዎችን ተዉአቸው፤ ሦስት ሰው አስደስተው ሃምሳውን የሚያስከፉ ናቸው። የግድ ሽልማት ይኑር ካላችሁ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ፣ ከሠራው ነገር የተነሳ ስያሜ አውጡለት፦ «የሞል ሚኒስትር»፣ «የማይክ ሐኪም» ዓይነት።

9. ፎቶና ድምፅ

ለፎቶ ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ ጥሩ ካሜራ ያለው አንድ ስልክ ይበቃል። የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ስለሚጥል ጠዋት ወይም አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ጥላ ውስጥ ወይም መስኮት አጠገብ አንሱ። ሁሉንም በአንድ ግድግዳ ፊት ከማንሳት ይልቅ እያንዳንዱን ከሚታወቅበት ነገር ጋር አንሱ፦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ ሜዳው ጫፍ፣ ላይብረሪ፣ ላውንጅ።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ጥራቱ ይቀንሳል፤ በስልክ ላይ ባይታወቅም ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ማተሚያ ቤት የሚፈልገው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። 5 በ7 ሴንቲ ሜትር ለሚታተም ፎቶ ወደ 600 በ830 ፒክስል ያህል ማለት ነው፤ ያልተቆረጠና ያልተጨመቀ የስልክ ፎቶ ከዚህ ይበልጣል። እያንዳንዱን ፋይል በተማሪው ስም ሰይሙት፤ አለዚያ መጨረሻ ላይ ፎቶ ከስም ይደባለቅባችኋል።

ወረቀት የማይይዘው አንድ ነገር አለ፤ ድምፅ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ደቂቃ ይቅዳ። የሚዘፍን ይዝፈን፣ የሚያስመስል ያስመስል፣ የማይወድ ስሙንና የሚቀመጥበትን ዴስክ ብቻ ይናገር። ጫጫታ በሌለበት ክፍል፣ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ቅዱ። ቅጂዎቹን በሁለት ፍላሽና በአንድ የኢሜይል ማከማቻ አስቀምጡ፤ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ የተቀመጠ ነገር ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል።

10. ማተሚያና ገንዘብ

መጠኑ ኤ5 ይሁን፤ ለእጅም ለቦርሳም ይመቻል። በመሃሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት የገጽ ቁጥሩ ለአራት መካፈል አለበት። 52 ተማሪ ላለው ክፍል አንድ አንድ ገጽ 52 ይሆናል፤ ለመግቢያ፣ ለመምህራን መልእክት፣ ለክፍሉ የጋራ ፎቶና ለማስታወሻ የሚሆን 12 ገጽ ስትጨምሩ 64 ይሞላል። ሽፋኑን በቀለም፣ ውስጡን በጥቁርና ነጭ ብታደርጉት ዋጋው ይቀንሳል። ለመቶ ቅጂ አካባቢ ዲጂታል ኅትመት ይሻላል፤ ኦፍሴት የሚያዋጣው ብዙ መቶ ቅጂ ሲሆን ነው። ከሦስት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ሰብስቡ፤ ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ናሙና ታትሞ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ሲተየብ በዩኒኮድ ፊደል፣ ለምሳሌ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ይሁን። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ጽሑፍ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ለማተሚያ ቤቱ የምትሰጡትም ፒዲኤፍ ይሁን።

ለገንዘብ ያዡ አንድ ሰው ይጨመርለት፤ አንዱ ይቀበል፣ ሌላው ይመዝግብ። በቴሌብር የገባውም በእጅ የተሰጠውም በአንድ ደብተር ይስፈር። መዋጮ መክፈል ያልቻለ ሰው ገጹም ቅጂውም አይከልከል፤ ማን እንደከፈለና እንዳልከፈለም ከሁለቱ ሰዎች ውጪ አይታወቅ። የጎደለውን በሰፈሩ ካሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች፣ ፎቶ ቤቶችና ካፌዎች በማስታወቂያ ሙሉት፤ የኋላ ሽፋኑን ስጧቸው።

ማሳተም ከአቅም በላይ ከሆነ አትተዉት። ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለ ብዙ ሉክ መዝገብ ግዙና በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጡት፤ ፎቶዎቹን በኮላ ለጥፉ፤ ከዚያ የሚፈልግ በየገጹ ኮፒ ያስነሳ። የክፍሉ ምርጥ የእጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነም በዚያው ይመዘገባል።

11. ባለቤቱ ሳይፈርም አይታተም

ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱ ሰው ገጹን ብቻውን ተቀምጦ ያንብብ። «ይህ ይውጣ» ያለው ያለ ክርክር ይወጣል፤ «ይህ ተሳስቷል» ያለው ይታረማል። «ይህን ጨምሩ» ላለው ግን ቦታው እኩል ስለሆነ በላስት ወርዱ ውስጥ ይበለው። ካነበበ በኋላ በገጹ ግርጌ ይፈርም። አራሚውና አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ሙሉውን ያንብቡ፤ አንዱ ለፊደል፣ አንዱ ለስምና ለፎቶ መዛመድ። አማካሪ መምህሩ የመጨረሻውን ያጽድቁ።

12. ከታተመ በኋላ

አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ላይብረሪ፣ አንድ ለርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ አንድ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ (ወመዘክር) ስጡ። የስልክ ቁጥሮችን መጽሔቱ ላይ አታትሙ፤ ለብቻ በደብተር ያዙ፤ የተማሪው ቁጥር ቶሎ ስለሚቀየር የወላጅ ወይም የጎረቤት ቁጥር ጨምሩበት። ያን ደብተርና የድምፅ ፍላሾቹን የሚይዙ ሁለት ባለአደራዎች ምረጡ፤ አንዱ ከአቃቂ ቃሊቲ የማይርቅ ሰው ቢሆን መልካም ነው።

ውጤት ሲወጣ መጽሔቱን አውጡት። ማለፊያውን ያላገኘ ጓደኛችሁ ምን እንደሚያደርግ ግራ ሲገባው ገጹን አብራችሁ አንብቡ። ስልክ ፈትቶ የሚገጥመው ልጅ ቴክኒክና ሙያ ሲመዘገብ የትኛውን ዘርፍ ይሙላ የሚለው እዚያ ተጽፏል። በቆርኪ ሞልን ያስረዳችው ልጅ የሰፈር ልጆች ሰብስባ ማስጠናት ብትጀምር ለወላጆች የምታሳየው ማስረጃ በእጇ አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ላይ ዲፓርትመንት ምረጥ ሲባል የክፍል ጓደኞቹ ስለ እሱ ያዩትን ይዞ ቢመርጥ ይሻለዋል። ስለዚህ የካቲት ላይ ኮሚቴ ስትመርጡ ይህን ሥራ እንደ ምረቃ ጌጥ አትዩት፤ ውጤት ሲወጣ የምትጠቀሙበት መሣሪያ ነው።